መኪናው በሰላም ገባ

የካቲት 6

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ቅጥር የጽሑፍ ፈተናን አልፌያለሁ።

የሰማሁት አንድ ሰውዬ ጃንጥላውን ሊወስድ መጥቶ ከተደረደሩት ጥቁር ጃንጥላዎች መሀል የራሱን ሲፈልግ ነው። ስልኬ ጮኸ... እህቴ እታለም፣ ከፀጉር ቤቷ። "ስምሽ ወጥቷል! አንቺ፣ ስምሽ ወጥቷል!" ከኋላዋ የፀጉር ማድረቂያው ያጓራል። ሰውዬው አንዱን ጃንጥላ ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላውን ከፈተ። "ይሄ ነው መሰለኝ" አለ። መሰለኝ አይበቃም አልኩት፣ ምልክት ንገረኝ። እጀታው ላይ የልጁ ጥርስ አለ አለ፤ ጥርስ ሲያበቅል ነክሶት። ፈልገን አገኘነው። ፈርሞ ሄደ።

አራት ዓመት በዚህ ምድር ቤት። አውቶቡስ ላይ የተረሳ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ጃንጥላ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ከዚያ በፊት ላይ ነበርኩ፣ ስምሪት ክፍል፣ መኪና የማስወጣ።

አሁን የቀረው ቦርድ ፊት የሚደረገው የሰብዕና ቃለ መጠይቅ ነው። መጋቢት ውስጥ። ሁለቴ ደርሼበት ሁለቴም እዚያው ላይ ወድቄያለሁ። በዕድሜ ገደቡ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ካለፍኩ የተሽከርካሪ ደህንነት ተቆጣጣሪ እሆናለሁ። ማለትም... አይወጣም ያልኩት መኪና የማይወጣበት ወንበር። ደመወዙም ክብሩም ትርፍ ነው። እኔ የምፈልገው ያንን ነው።

ደረጃው ላይ የስምሪት ኃላፊውን አገኘሁት። "ፍሬን! አለፍሽ አሉ። ተቆጣጣሪ ሆነሽ እኛኑ ልታቆሚን ነው?" ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። "አዎ" አልኩት።

እሱ መሳቁን አቆመ።

የካቲት 7

እታለም፦ "የቀረሽ ሰብዕና ብቻ ነው? በቃ፣ አለቀልን።"

የካቲት 12

እታለም አሠልጣኝ አገኘችልኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠው ሰው ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ከጠረጴዛው ወዲህ ተሻግረው እንዴት እንደማይወደቅ ማስተማር ጀመሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋው ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። መሀል ላይ አንድ ደረቅ ወንበር። ስድስት ተማሪዎች ነን፤ አንድ በአንድ ያስገቡናል፣ የቀረነው በረንዳ ላይ እንጠብቃለን።

"ግቢ።" ገባሁ። "ውጪ። እንደገና ግቢ።" ገባሁ። "በሩን ስትዘጊ ለቦርዱ ጀርባሽን አትስጪ።" ታዲያ በምን ልዝጋው? "በእጅሽ። ፊትሽ ወደ እኔ።" እጄን በኋላዬ ጠምዝዤ ዘጋሁት። በሩ ጣቴን ያዘኝ። "ፈገግ በይ!"

ከዚያ፦

"ድክመትሽ ምንድን ነው?"

"እልኸኛ ነኝ።"

"አይደለሽም።"

"ነኝ።"

"አይደለሽም አልኩ!"

"ነኝ አልኩ!"

መነጽራቸውን ጠረጉ። "'ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም' በይ። ለቦርድ የሚነገር ድክመት ይሄን ይመስላል።"

እንቅልፍማ ይወስደኛል። ጥሩ አድርጎ ነው የሚወስደኝ።

በረንዳው ላይ ከአንድ ፋርማሲስት ጋር ተዋወቅሁ። ልጅ ነው ገና። ሁለት ቃል በተናገረ ቁጥር ይምላል። "እናቴ ትሙት፣ እኔ ቦርድ ምናምን አልፈራም" ይላል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ከመቀመጫው ይነሳል። መሐላው ብዬዋለሁ በልቤ።

የካቲት 15

"ከፊል ፈገግታ" ይሉታል ጋሼ። ጥርስ ሳይታይ፣ ዓይን ሳይጨፈን። አውቶቡስ ላይ በተረሳ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ አንዲት እናት ቦርሳዋን ፍለጋ ገባች። ትንሽ አየችኝና፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጥርስሽን ነው? በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ" አለችኝ።

የካቲት 19

ዛሬ ዋናው ጥያቄ ላይ ደረስን። ቦርዱ መቼም አይተወውም አሉ ጋሼ፦ በሥራሽ ላይ ከአለቃሽ ጋር የተቃረንሽበት ጊዜ አለ? ምን አደረግሽ? "ከሌለ ፈጥረሽ ነይ።"

መፍጠር አላስፈለገኝም። ነገርኳቸው።

ዝናብ ነበር፣ ጠዋት። ተራው የደረሰው መኪና በዋዜማው ማታ ሲገባ ሾፌሩ "ፍሬኑ እስከ ታች ይወርዳል" ብሎኝ ነበር። መካኒኩ አልመጣም፣ ማንም አላየውም። ኃላፊው "መኪና አንሷል፣ ይውጣ" አለ። የመውጫ ወረቀቱን አልፈርምም አልኩ። ፌርማታው ላይ ሰዉ ይጮኻል። ኃላፊው ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀና ራሱ ፈረመበት። መኪናው ሌላ ሾፌር ይዞት ወጣ።

"እሺ?" አሉ ጋሼ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለው።

"ማታ ተመለሰ።"

"ተጎትቶ?"

"ኧረ በራሱ። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ፣ በሰላም ገባ።"

"የተጎዳ ሰው የለም?"

"አንድም።"

ጋሼ የተታለሉ ያህል ተቆጡ። "ይሄማ ታሪክ አይደለም!"

"የሆነው ግን ይሄ ነው።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያማ ወደ ምድር ቤት አወረዱኝ። ስሜንም ፍሬን አሉኝ። እስካሁንም ፍሬን ነኝ።"

ተነስተው ተንጎራደዱ። ከዚያ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ሥራ ጀመሩ፤ እዚህ ጋ ያሳጥራሉ፣ እዚያ ጋ ይተኩሳሉ። አለቃዬ አልነጠቀኝም። በትህትና አስረዳሁት፣ እሱም ሰማኝ። መኪናው ተፈተሸ፣ ፍሬኑ ተበላሽቶ ተገኘ። አለቃዬ በሠራተኛው ፊት አመሰገነኝ። አዲስ አሠራር ተዘረጋ።

"አልተዘረጋም እኮ ጋሼ።"

"ልጄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚጠብቁሽ አምስት የደከማቸው ሰዎች ናቸው። መጨረሻው ደስ የሚል ነገር ስጫቸው፣ ይለቁሻል።"

እሺ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እሺ ያልኳቸው። ምን ላድርግ? ሁለቴ ወድቄያለሁ።

የካቲት 21

ያን ቀን መኪናውን የነዳው ጋሽ ቀስ ነው። ከመላው ድርጅት በዝግታ የሚነዳ እሱ ስለሆነ ነው ስሙ። ዛሬ የተረሳ ሻርፕ ይዞልኝ ወረደ። አራት ዓመት ሙሉ ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ጠየቅኩት።

"ጋሽ ቀስ፣ ያን ቀን እግርህ ሥር ምን ነበር?"

"ጫማዬ።"

"የምሬን ነው።"

"የምሬን ነው፣ ጫማዬ ነበር።" ሻርፑን ጠረጴዛዬ ላይ አጣጥፎ አስቀመጠ። "አንቺ ልጅ፣ የሞተ ነገር ምን ያደርግልሻል? ወጣሁ፣ ገባሁ፣ አለቀ።"

በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። "ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት" አለኝ።

እሱማ መቼ ፈጥኖ ነድቶ ያውቃል? ምንም አልነገረኝም። ወይስ... ነገረኝ?

የካቲት 27

እታለም ፀጉር ቤቷ ውስጥ ቦርድ ሰየመችልኝ። ሰብሳቢ እሷ፤ አባላት ፀጉራቸው በቢጉዲን ተጠቅልሎ በማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡ ሁለት ደንበኞች። ካስኩ ስለሚጮህ አይሰሙም፤ እያንዳንዱን ነገር "ምን አለች? ድገሚው!" እያሉ ያስጮኹኛል። መንገደኛው ሁሉ በመስታወቱ እያየን ያልፋል።

የጋሼን ታሪክ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ትህትናውን፣ ፍተሻውን፣ ምስጋናውን፣ አዲሱን አሠራር። ስጨርስ ወፍራሟ ደንበኛ አጨበጨበች። "አቤት፣ እንዴት ያለ አለቃ ነው! እንደዚህ ዓይነት ሰው የት ይገኛል?"

"ባለትዳር ነው?" አለች ሌላኛዋ።

እታለም ማበጠሪያዋን ይዛ ቆማ ቀረች። "ማነው ይሄ ሰውዬ?" አለችኝ። "ያ አውሬ ነው ያመሰገነሽ? እቤት መጥተሽ ትራስ ስትነክሺ ያደርሽው ደስ ብሎሽ ነበር?"

ስለዚህ እውነተኛውን ነገርኳቸው። እንደገና፣ እየጮህኩ። ወፍራሟ ካስኩን ከራሷ ላይ ገፋ አደረገችው።

"ቆይ፣ መኪናው ምንም ካልሆነ ለምን ከለከልሽ?"

"ስላላወቅኩ ነዋ።"

"ምኑን?"

"ፍሬኑ እንደሚይዝ።"

አሰብ አደረገች። "እኔን ፌርማታ ላይ ያስቀረሽኝ ቢሆን ኖሮ" አለች፣ "ስድቤን ትጠግቢ ነበር። ሥራ አርፍጄ።"

"ይሰድቡኝም ነበር።"

"እሰይ! የሰደብንሽ እኛ ነንና!" ብላ ካስኩን መለሰችው።

ስንዘጋ እታለም ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገች አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንቺን አውቅሻለሁ። መውደቅሽ ካልቀረ በራስሽ ውደቂ።"

መጋቢት 3

ለጋሼ ነገርኳቸው። የራሴን እንደሆነ፣ ከነመጨረሻው፣ የምናገረው።

"ሁለቴ የወደቅሽው በምን ሆነና?" አሉ።

እሱ ላይ ልክ ናቸው። ያንገበገበኝም እሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት "ለአለቃ መታዘዝ ትችያለሽ ወይ?" ሲሉኝ "እንደ አለቃው ነው" ያልኩ ሰው ነኝ። ዓምና ደግሞ... ይቅር።

"በኔ መንገድ ካልሄድሽ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እውነትዎን ነው" አልኩና ተነሳሁ። በሩን ስዘጋ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። እንዴት ይቀላል! ሰው ሁሉ በር የሚዘጋው እንዲህ ነው።

በረንዳው ላይ መሐላው ተራ ይጠብቃል። ፊቱ በርቷል። "ጋሼ አንድ ታሪክ ሰጡኝ፣ ልዩ ነው! እናቴ ትሙት፣ ዘንድሮ ማለፌ ነው።" እሰይ አልኩት። ምን ታሪክ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልቤ እዚያ አልነበረም።

መጋቢት 8

የእታለምን ኮት ለካሁ። እጅጌው ያጥራል። እጄን ካላነሳሁ አይታወቅም አለች እታለም። እጄን ላለማንሳት ቃል አልገባሁም።

መጋቢት 11

ነገ ነው። አልፈራሁም ብል ራሴን መዋሸት ነው። ፈርቻለሁ። ግን ምን ያስቀሩብኛል? ጃንጥላዬን?

መጋቢት 12

ይሄን ሁሉ በቅደም ተከተል መጻፍ አለብኝ፤ ነገ ራሴ አላምነውም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ከመሐላው ቀጥሎ ነበር ተራዬ። እሱ ውስጥ ሆኖ ሳቅ ሰማሁ። ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። "አንዴም ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ!" አለኝ በሹክሹክታ።

"ሲስቁ ሰማሁ?"

"ደስ ብሏቸው ነዋ! እናቴ ትሙት!"

ገባሁ። አምስት ሰው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ውኃ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ምድር ቤት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ስለ ሰው ሠራሹ ጥርስ ነገርኳቸው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ለክቶ መውሰዱን። አንደኛው ፈገግ አለ። ደህና እየሄደ ነበር።

"ከአለቃሽ ጋር የተቃረንሽበት አጋጣሚ አለ?"

"አለ። አንድ መኪና አይወጣም ብዬ ነበር።"

አምስቱም ተያዩ። ዳር የተቀመጠው ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ልገምት" አለች ሰብሳቢዋ። "ፍሬኑ ተበላሽቶ።"

ደነገጥኩ። ከየት አወቀች?

"በትህትናም አስረዳሽው።"

"አለቃሽም በሠራተኛው ፊት አመሰገነሽ" አለ ዳር ያለው።

"አዲስ አሠራርም ተዘረጋ" አለ ሦስተኛው። ሳቁ። ቅድም የሰማሁት ሳቅ ነው።

ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። "ስሚ እህቴ። ከጠዋት ጀምሮ ፍሬን የሌለው መኪና ሲመጣብን ያንቺ አራተኛው ነው። አንዱ የትምህርት ቤት መኪና ነበር። አንዱ አምቡላንስ። አንዱማ ጭራሽ አሳንሰር አድርጎት መጣ። የሁላችሁም አለቃ አመስጋኝ ነው። ከየት ነው የምትሸምቱት?"

ጆሮዬ ጋለ። ገባኝ... ጋሼ። ታሪኬን ቸርችሮታል። አምቡላንሱ መሐላው ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል?

ሌላ አጋጣሚ ልፈልግ ነበር። ጋሼ "ከተያዝሽ አቅጣጫ ቀይሪ" ይሉ ነበር። ለምን እቀይራለሁ? የኔ ነው እኮ! የሰረቀው ሲናገረው እኔ ልደበቅ?

"የኔ አለቃ አላመሰገነኝም" አልኩ።

ቀጠልኩ። ዝናቡን፣ ጩኸቱን፣ ወረቀቱን ከእጄ ሲነጥቀኝ። ሲነጥቅ ለማሳየት እጄን አነሳሁ፤ የኮቱ እጅጌ እስከ ክርኔ ተሰበሰበ፤ ይሰብሰብ። ራሱ ፈረመ፣ መኪናው ወጣ አልኩ። ማታ በሰላም ገባ አልኩ።

"በሰላም?" አለ ዳር ያለው። ቅር ያለው ይመስላል።

"በሰላም።"

"እንግዲያው ተሳስተሽ ነበር።"

"አልነበርኩም።"

"ምንም አልሆነማ።"

"ማታ ምንም አለመሆኑን ማታ ነው ያወቅነው። እኔን ፈርሚ ያሉኝ ጠዋት ነው። ጠዋት ማንም አላየውም ነበር።"

"ዛሬስ ቢሆን?"

"አልፈርምም።"

"ወደ ምድር ቤት ቢያወርዱሽም?"

"ያለሁት እዚያው ነው። ከዚያ በታች ፎቅ የለም።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችው፤ አሁን ገና ልታየኝ። "ታሪኩ ያንቺ ከሆነ ሌሎቹ ጋ እንዴት ደረሰ?"

"የነሱን እነሱን ጠይቋቸው። እኔ የመጣሁት የራሴን ልናገር ነው።"

"ይሄ መልስ አይደለም።"

"ያለኝ ይሄ ነው።"

አንዱ ውኃ ቀዳ።

"የመጨረሻ ጥያቄ። ድክመትሽ ምንድን ነው?"

"እልኸኛ ነኝ።"

"አስተውለናል" አለች።

መጋቢት 13

ከዛሬ ጀምሮ ለጋሼ አንቱታው ቀርቷል።

ደወልኩለት። አልካደም። "ልጄ፣ ጥሩ ምሳሌ የሁሉም ነው" አለኝ። አሳንሰር ያደረግኸው ነው ወይ ምሳሌው? አልኩት። "አሳንሰሩን የጨመረው ራሱ ልጁ ነው" አለ፤ እሱም ቅር ብሎት። ሰው ጥፊ ማቅመስ በስልክ አይቻልም።

ከሰዓት መሐላው ምድር ቤት መጣ። በር ላይ ቆሞ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን ያንከራትታል።

"ያንቺ መሆኑን ትናንት ኮሪደር ላይ ሰማሁ። በሩ ስስ ነው። እናቴ ት..."

"እናትህን ተዋት። ምን በደለችህ?"

ተቀመጠ። "ጋሼ ከራሳቸው ልምድ ነው ብለው ነው የሰጡኝ። እኔ እኮ አምቡላንስ ውስጥ ገብቼም አላውቅ።"

"የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ግን የራሴ የለኝማ!" ጮኸ። "አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው። ተጣልተን አናውቅም። ይሄን ብናገር ማን ያሳልፈኛል?"

ሳቄ መጣ። እውነቱን ነው። ለዚህ ፈተና የተጣላ ሰው ያስፈልጋል። ሌሎቹ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ሊነግረኝ ጀመረ። አልፈልግም አልኩት። ቁጣዬን የት እንዳስቀመጥኩት አውቃለሁ፤ አከፋፍዬ አላሳንሰውም።

መጋቢት 29

ውጤት ወጣ። አንደኛ ተጠባባቂ።

መሐላው አልፏል። ጽሑፉ ላይ ከሁላችን በላይ ነበር፣ ያ ውጤት ነው ያወጣው። ከላይ ካሉት አንዱ ከቀረ እኔ እገባለሁ። ማንም አይቀርም። ማን ይቀራል?

ኃላፊው ደረጃ ላይ ጠብቆኝ ነበር። "ተጠባባቂ? ስኮርታ ጎማ ሆንሽ በይኛ!"

"ስኮርታ የሌለው መኪና አላስወጣም ነበር፣ ረሳኸው?"

እታለም ጋ ሄጄ ፀጉሬን ታጠብኩ። ምንም አልጠየቀችኝም። እያጠበች ግን ከወትሮው ረዘም አደረገችው።

ሚያዝያ 3

ደወሉ። ከፈተናው መሥሪያ ቤት። "ነገ ጠዋት መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ። ጥሩ ነገር ነው" አለ ሰውዬው።

እታለም ጮኸች። ደንበኛዋ ደንግጣ ካስኩን ገጨችው። እኔ... ዛሬ ብቻ ይፈቀድልኝ። ወንበሩን አሰብኩት። መስኮት ይኖረዋል? መኪኖቹ ሲገቡ ሲወጡ የሚታይበት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ወደ እኔ ያያል። ራሴን እነቀንቃለሁ። ያጠፋዋል።

ሚያዝያ 4

ዳር ተቀምጦ የነበረው የቦርድ አባል ነው የጠራኝ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ። ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

"ባንቺ ላይ ግፍ ተሠርቷል" አለ። "ካለፉት ውስጥ ሦስቱ ታሪክሽን ሰርቀው የተናገሩ ናቸው። አጣርተናል። ያንቺ ቃል በጽሑፍ ከመጣ እንሰርዛቸዋለን፤ አንቺ ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ቦታውም የተሽከርካሪ ደህንነት ነው።"

ባዶ ወረቀት ገፋልኝ። ስማቸውን በሌላ ወረቀት ላይ ጽፎ አስቀምጦልኛል፤ እንዳልሳሳት። የመሐላው ከላይ ነው።

አላመነታሁም ማለት አልችልም። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ቀኑን ጻፍኩ። ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ጠየቅኩት።

"አሠልጣኙንስ?"

"የቱን አሠልጣኝ?"

"ታሪኩን ከኔ ወስዶ የሰጣቸውን። እሱን ነው መጀመሪያ የምጽፈው።"

ሰውዬው በሩን አየ። "እሳቸውን አታስገቢ።"

"ለምን?"

"ታላቃችን ናቸው። እኔንም ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ከዚህ ወንበር ነው የወጡት። ስማቸው ያለበት ወረቀት እዚህ ቤት አይንቀሳቀስም፤ አንቺም አብረሽ አትንቀሳቀሺም።"

"ታዲያ ልጆቹ ከየት አመጡት ልበል?"

"ካንቺ ሰሙ በይ። በረንዳ ላይ ስታወሪ ሰምተው ወሰዱት።"

"አላወራሁም እኮ። አንድም ቀን።"

"ትንሽ ነገር ናት።" ፈገግ አለ፣ ጥርስ ሳይታይ። "ዋናው ታሪክ እውነት ነው አይደል? እሷን ብቻ ነው የምናስተካክለው። ደግሞ አልቆብሻል፣ ዕድሜሽ። ከርሞ አትመጪም።"

እስክሪብቶውን አላስቀመጥኩም። እሺ ያልኩ መሰለው። "በይ እኔ ረቂቁን ልጀምርልሽ፣ አንቺ ወርደሽ መታወቂያሽን ኮፒ አስደርጊ። ፊትና ጀርባ። አያይዘን ዛሬውኑ እናስገባው።"

ወረድኩ። ደረጃው ላይ ደመወዜን አሰብኩ። የእታለምን ጩኸት አሰብኩ። መሐላውን አሰብኩ... ያቅማማሁት እሱን ለማዳን ብቻ አይደለም። ሌባውማ ሌባ ነው፣ ይጠየቅ። ግን መጀመሪያ ከላይ ያለው ይጠየቅ። ደግሞ ደህንነት ክፍል የሚያስገባኝ የመጀመሪያው ወረቀት ይሄ ከሆነ ሁለተኛው ምን ሊሆን ነው?

ኮፒ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነው። ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ማስረጃውን ደረቱ ላይ አቅፏል። ተሰለፍኩ። ደረሰኝ። ኮፒ የምታደርገው ልጅ መታወቂያዬን ተቀብላ መስታወቱ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው።

"ስንት ይሁንልሽ?"

ቀና ስል ሰውዬው ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ነው። በእጁ ቶሎ በይ ይለኛል።

"እህቴ? ስንት ላድርግ?"

"ተዪው" አልኳት።

"ኧረ ሰልፉን ፈጅተሽ! ማሽኑ ሞቋል እኮ።"

"ይቀዝቅዛ።"

ክዳኑን አንስቼ መታወቂያዬን ወሰድኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ተራው በመድረሱ ደስ ብሎት ገፋኝ። ወጣሁ። የመሥሪያ ቤቱ በር በስተቀኝ ነው። ወደ ግራ ታጠፍኩ።